ጡቴ በሙሉ ይነሳ ወይስ ዕጢው ብቻ? ከልደታ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የ44 ዓመት ሴት ነኝ፤ ልደታ ኮንዶሚኒየም እኖራለሁ። የምተዳደረው እንጀራ ጋግሬ ለሦስት ምግብ ቤቶች በማስረከብ ነው። በቀኝ ጡቴ፣ ወደ ብብት በኩል፣ 2.8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዕጢ ተገኘብኝ። በመርፌ ናሙና ተወስዶ ካንሰር ነው ተባልኩ። ውጤቱ ላይ የኢስትሮጅን ተቀባይ አለው፣ ኸር-ቱ የሚባለው ፕሮቲን የለውም ይላል። አንዱ ቀዶ ሐኪም ጡቱም የብብቱም ንፍፊት በሙሉ ይነሳ አሉኝ። ሌላው ዕጢው ብቻ ይወጣና ጨረር ትወስጃለሽ አሉኝ። እህቴ ‹ቆርጠው ይገላግሉሽ› ትላለች። እናቴ ደግሞ ‹ብረት ከነካው ይበተናል፣ ጸበል ይሻልሻል› ትላለች። በሕይወት የሚያቆየኝ የትኛው ነው? እጄስ ተመልሶ ይሠራልኛል?»

እህቴ፣

የጠየቁኝ ሁለት ጥያቄ ነው፤ ሁለቱንም እመልሳለሁ። ብዙ ሰው የሚጠይቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እኛ ቀዶ ሐኪሞችም ስለ ጡቱ ብዙ ተነጋግረን ስለ ክንዱ አንድም ቃል ሳንናገር ታካሚዋ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የምትገባበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የእርስዎ ቤት ግን የቆመው በቀኝ ክንድዎ ላይ ነው። ስለዚህ ከአሁኑ ልንገርዎ፤ ከሁለቱ ሐኪሞች ምክር ውስጥ የዕለት ኑሮዎን ይበልጥ የሚነካው ጡቱ በሙሉ ወይስ በከፊል የሚለው አይደለም። «የብብቱም ንፍፊት በሙሉ» የምትለዋ ሐረግ ናት። ወደ እርሷ እመለሳለሁ።

በሕይወት የሚያቆየኝ የትኛው ነው ላሉት፦ ዕጢው በንጹሕ ጠርዝ፣ ማለትም ጠርዙ ላይ ካንሰር ሳይቀር፣ ወጥቶ ጡቱ ጨረር እስካገኘ ድረስ፣ ዕድሜዎ ጡቷ በሙሉ ከተነሳ ሴት ዕድሜ አያንስም። ይህ የእኔ አስተያየት ሳይሆን ብዙ ሴቶች በሕይወታቸው የመሰከሩት ነገር ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዊልያም ሃልስተድ የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ጡቱን፣ ከሥሩ ያለውን የደረት ጡንቻና የብብቱን ንፍፊቶች አንድ ላይ ጠራርጎ የሚያወጣ ቀዶ ሕክምና አስፋፋ። ካንሰሩ ከበቀለበት ቦታ ደረጃ በደረጃ ወደ ዙሪያው ይስፋፋል፤ አርቆ የቆረጠ ይቀድመዋል የሚል እምነት ነበረው። ዓለም ለብዙ አሥርተ ዓመታት ይህንኑ ተከተለ። ሴቶቹ ደረታቸው ጎድጉዶ፣ ክንዳቸው አብጦ ቀሩ። ኋላ ላይ ጣሊያን ሚላን ውስጥ ኡምቤርቶ ቬሮኔሲ፣ በአሜሪካ ደግሞ በርናርድ ፊሸር ነገሩን ፈተኑት፤ የትኛዋ ሴት ጡቷ በሙሉ እንደሚነሳ፣ የትኛዋ እንደሚተርፍላት በዕጣ ለዩ። የሚላኑ ጥናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1973 እስከ 1980 ድረስ 701 ሴቶችን፣ የፊሸሩ ከ1976 ጀምሮ 1,851 ሴቶችን ያዘ። የፊሸሩ ጥናት እስከ 4 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ዕጢ ያላቸውን ስለሚጨምር የእርስዎ 2.8 ሴንቲ ሜትር በውስጡ ይገባል። የሁለቱም ጥናቶች የ20 ዓመት ውጤት በ2002 ታተመ። ሚላን ላይ በ20 ዓመት ውስጥ ያረፉት፣ ጡታቸው ከተረፈላቸው 41.7 በመቶ፣ ሁሉም ከተነሳላቸው 41.2 በመቶ ነበሩ። ልዩነት የለውም።

ምክንያቱን መረዳት ለእህትዎም ይጠቅማል። የጡት ካንሰር ሕይወት የሚያሳጣው ጡት ውስጥ በመቀመጡ አይደለም። ወደ አጥንት፣ ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት በደም የሄደ ሕዋስ ካለ እርሱ ነው አደጋው። ያንን ደግሞ የቱንም ያህል ጡት ቢቆረጥ ቢላ አይደርስበትም። የሚደርስበት መድኃኒት ነው። የእርስዎ ዕጢ የኢስትሮጅን፣ ማለትም የሴት ሆርሞን፣ ተቀባይ ስላለው ያንን ተቀባይ የሚዘጋው ታሞክሲፌን የሚባለው ኪኒን ይሠራልዎታል። ቢያንስ ለ5 ዓመት በየቀኑ የሚዋጥ ነው፤ አንዳንዴም እስከ 10 ዓመት ይራዘማል። ለዕድሜዎ ይህ ኪኒን ከቀዶ ሕክምናው ዓይነት ይበልጥ ወሳኝ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ኬሞቴራፒ ያስፈልግ እንደሆነ የሚወሰነው ከብብቱ በሚገኘው ውጤትና በዕጢው ጠባይ ነው።

እናትዎን በተመለከተ እባክዎ አይቆጧቸው። የሚናገሩት በዓይናቸው ያዩትን ነው። በአገራችን ብዙ ሴቶች ሐኪም ዘንድ የሚቀርቡት ዕጢው ቆዳ ከቀደደ፣ ብብቱ ከተሞላ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸዋል፤ በሽታው ግን አስቀድሞ ሄዷልና ከወራት በኋላ ያርፋሉ። ጎረቤት የሚያስታውሰው የቢላውን ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት ዕጢው በቀሚስ ሥር የቆየባቸውን ሁለት ዓመታት ያየ የለም። መርፌም ሆነ ቢላ ካንሰርን አይበትነውም፤ የሚበትነው ጊዜ ነው። ጸበሉን አይተዉ፤ ከሕክምናው ጋር አይጣላም። ሁለት ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፤ ቀጠሮ በጸበል ምክንያት አይለፍ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ቁስሉ እስኪድንና ቱቦው እስኪወጣ ድረስ ውኃው ቁስሉን አይንካው። መጠጣቱ ግን ይቻላል።

አሁን ወደ ምርጫው። «ጨረር እስካገኘ ድረስ» ያልኩት ትልቅ ቃል ነው፣ በአገራችን ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። በፊሸር ጥናት ዕጢው ብቻ ወጥቶላቸው ጨረር ካልወሰዱት ሴቶች በ39.2 በመቶው ካንሰሩ በዚያው ጡት ላይ ተመልሷል፤ ከወሰዱት ግን በ14.3 በመቶው ብቻ። ያለ ጨረር ዕጢ ብቻ ማውጣት በእርስዎ ዕድሜ ሕክምና ተጀምሮ መሃል ላይ እንደመተው ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ቦታ ነበር። አሁን እንደ ጅማና ሐረር ያሉ ከተሞችም ሕክምናውን ጀምረዋል፤ ይሁን እንጂ ሰልፉ ረጅም ነው፤ ማሽን ሲቆም ደግሞ ይበልጥ ይረዝማል። ለእርስዎ ከልደታ ጥቁር አንበሳ ቅርብ ነው፤ ከክልል መጥታ ማረፊያ ከምትፈልግ ሴት ጋር ሲነጻጸር ይህ ራሱ ዕድል ነው። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ 15 ወይም 25 ቀን፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ የሚሰጥ ነው። ጠዋት ወስደው ከሰዓት ቤትዎ መሆን ይችላሉ።

ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሳይሆን በፊት ወደ ጨረር ሐኪም ይሂዱና ይመዝገቡ። ብዙ ታካሚዎች ይህን አያውቁም። ቁስላቸው ድኖ፣ ውጤታቸው ወጥቶ፣ ከዚያ ነው ወረፋ መያዝ የሚጀምሩት። ኬሞቴራፒ የሚያስፈልግዎ ከሆነ ጨረሩ ከእርሱ በኋላ ስለሚመጣ የወራት ጊዜ ያገኛሉ፤ አሁን የተያዘ ወረፋ በልኩ ይደርሳል። ኬሞ ካላስፈለገዎ ግን ጨረሩ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ መጀመር አለበት። የሚሰጥዎ ቀጠሮ ከዚያ በጣም የራቀ ከሆነ፣ ሌላ ቦታ ሄዶ ለመክፈልም አቅም ከሌለ፣ እኔ ለእህቴ የምመክራት ጡቱ በሙሉ እንዲነሳ ነው፤ ያለ ፍርሃት እመክራታለሁ። ይህ ሽንፈት አይደለም፤ በቦታና በጊዜ የተወሰነ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። አንድ ነገር ግን ይወቁ፤ ጡት በሙሉ መነሳቱ ሁልጊዜ ከጨረር አያድንም። ዕጢው ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ወይም አራትና ከዚያ በላይ ንፍፊቶች ካንሰር ከተገኘባቸው ደረቱም ጨረር ያስፈልገዋል። «ጨረር ፈርቼ አስቆረጥኩ» ያለች ሴት በኋላ ጨረር ስትታዘዝ የሚሰማትን ሐዘን አይቻለሁና ነው የምነግርዎት።

ዕጢ ብቻ ማውጣት የማይመከርባቸው ሁኔታዎችም አሉ። በጡቱ በተለያየ አቅጣጫ ሌላ ዕጢ ካለ፣ ጡቱ በሙሉ ቀልቶና እንደ ብርቱካን ልጣጭ ጎድጎድ ብሎ የሚመጣው የእብጠት ዓይነት ካንሰር ከሆነ፣ ቀደም ሲል ደረትዎ ጨረር ወስዶ ከነበረ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ ሐኪሙ ወደ ሙሉው ያደላል። ስለዚህ የሁለቱም ጡቶች ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ሳይነሳ ምርጫው አይወሰን። ሌላው ነገር የጡትዎ መጠን ነው። ከጡቱ አንድ አምስተኛ በላይ ከተወሰደ ቅርጹ ይበላሻል። ትንሽ ጡት ላይ 2.8 ሴንቲ ሜትር ትልቅ ነው፤ ሞላ ያለ ጡት ላይ ደግሞ ጠባሳው እንኳ በቅጡ ላይታይ ይችላል። ይህንን ሳያዩዎት የሚነግርዎ ሰው የለም፤ እኔም አልችልም።

ወደ ብብቱ እንምጣ።

የጡት ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚጎበኘው የብብት ንፍፊቶችን ነው። እነዚያ ንፍፊቶች የክንድዎን ፈሳሽ የሚያጣሩና ወደ ደም የሚመልሱ ናቸው። ወረቀትዎ ላይ «ኤም አር ኤም» ተብሎ ተጽፎ ከሆነ፣ ጡቱ በሙሉ ከብብት ንፍፊቶች ጋር ይነሳል፣ የደረት ጡንቻው ግን ይቀራል ማለት ነው። ብብቱ በዚህ መንገድ ከጸዳ ከአምስት ሴቶች የአንዷ ክንድ ውሎ አድሮ ያብጣል። ያበጠ ክንድ ይከብዳል፣ ቀለበት አያስገባም፣ በትንሽ ጭረት ይመረቅዛል፣ ፈጽሞ የሚድንበትም ጊዜ ጥቂት ነው። የቢሮ ሠራተኛ ታመም እያላት ትችለው ይሆናል። በቀን ስንት እንጀራ እንደሚያወጡ አልነገሩኝም፤ ለሦስት ምግብ ቤት ከሆነ ግን ክንድዎ ጠዋት ከሊጥ ባልዲው ጀምሮ እስከ መጨረሻዋ እንጀራ አያርፍም።

ለዚህ ነው ብብቱ ውስጥ በእርግጥ ምን እንዳለ ሳይታወቅ በሙሉ አይጠረግ የምለው። መጀመሪያ የብብት አልትራሳውንድ ይነሡ። የሚያጠራጥር ንፍፊት ከታየ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰድለት። ካንሰር ከተገኘበት፣ በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ከተሄደ፣ ብብቱን ማጽዳት ተገቢ ነው፤ እኔም አደርገዋለሁ። ካልተገኘ ግን ሌላ መንገድ አለ። በቀዶ ሕክምናው ዕለት ሰማያዊ ቀለም በጡት ጫፍ አካባቢ በመርፌ ይሰጣል። ጥቂት ደቂቃ ጡቱ ይታሻል። ከዚያ በብብት ሥር በትንሹ ተከፍቶ ሲታይ አንዲት እንደ ክር የቀጠነች ሰማያዊ መስመር ወደ ስብ ውስጥ ትገባለች። እሷን በቀስታ ሲከተሉ አተር የምታክል ሰማያዊ ንፍፊት ላይ ያደርሳሉ። የመጀመሪያዋ ተቀባይ እሷ ናት፤ ሐኪሞች ሴንቲኔል ይሏታል፤ ዘብ ማለት ነው። ዘቧና ከጎኗ ያሉ አንድ ሁለት ንፍፊቶች ብቻ ወጥተው ይመረመራሉ። ንጹሕ ከሆኑ የቀሩት አይነኩም። እንዲህ ከሆነ የክንድ ማበጥ ዕድል ከሃያ ሴቶች ወደ አንዷ ገደማ ይወርዳል። በማግሥቱ ሽንትዎ አረንጓዴ ሆኖ ቢያዩት አይደንግጡ፤ ቀለሙ እየወጣ ነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ በእርስዎ ሁኔታ ትልቅ ነው። አሜሪካ ውስጥ ወደ 900 ገደማ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት፣ ዕጢ ብቻ ወጥቶላቸው ጨረር በሚወስዱ ሴቶች ላይ አንድ ወይም ሁለት ዘብ ንፍፊቶች ካንሰር ቢገኝባቸው እንኳ የቀረውን ብብት ሳይጠርጉ መተው ዕድሜ እንደማይቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ ዕጢ ብቻ የሚወጣበት መንገድ ጡትዎን ብቻ ሳይሆን ክንድዎንም ሊያተርፍ ይችላል። ሁለተኛው ሐኪም ይህን አስበው ይሁን አላውቅም፤ እኔ ግን ወደ እርሳቸው የማደላው በዋናነት በዚህ ነው። የዘብ ንፍፊት ምርመራ በሁሉም ሆስፒታል አይሠራም። የሚፈልገው ግን ውድ ማሽን ሳይሆን ሰማያዊ ቀለም፣ የለመደ እጅና ጥሩ ፓቶሎጂ፣ ማለትም የወጣውን ሥጋ በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ላቦራቶሪ፣ ነው። «የብብቱን ዘብ ንፍፊት ብቻ ማውጣት ይቻላል? እርስዎ ይሠሩታል ወይስ ወደሚሠራ ሰው ይልኩኛል?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ። ጥሩ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይቀየምም።

አሁን ማንም የማይነግርዎ አንድ ጉዳይ። ቀዶ ሕክምናው እንዳለቀ የወጣውን ሥጋ በዕቃ አድርገው ለቤተሰብ ሰጥተው «ወደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ውሰዱ» ማለት በከተማችን የተለመደ ነው። ያ ዕቃ ምናልባት ከቀዶ ሕክምናው እኩል ዋጋ አለው። የሚወስደው ሰው እህትዎ ከሆኑ አስቀድመው ይንገሯቸው። ዕቃው ሰፊ አፍ ያለውና የሚከደን ይሁን፤ ሥጋው እንዳይበላሽ በሚጠብቀው፣ ፎርማሊን በሚባለው ፈሳሽ ተሸፍኖ ይዋኝ፤ ውኃ ወይም ግሉኮስ ውስጥ አይግባ፤ ስምዎ በክዳኑ ሳይሆን በጎኑ ላይ ይጻፍ። በዚያው ቀን ይድረስ፤ ለነገ ብሎ ቤት ማሳደር የለም። ሐኪሙ ከላይ አጭር፣ ወደ ብብት በኩል ረጅም ክር ሰፍቶ ይልካል፤ ፓቶሎጂስቱ አቅጣጫውን የሚያውቀው በእርሱ ነው። ዙሪያውን ቀለም ይቀባና በማይክሮስኮፕ ያያል። ቀለሙ ያረፈበት ጠርዝ ላይ ካንሰር ከሌለ ንጹሕ ነው ይባላል። ካለ ትንሽ ጨምሮ ለመውሰድ ተመልሰው ወደ ቀዶ ክፍል ይገባሉ፤ ዕጢ ብቻ ከወጣላቸው ሴቶች ከአምስቱ አንዷ ላይ ይህ ይደርሳል። አስቀድመው ካወቁት «ካንሰሩ ተመለሰ» ብለው አይደናገጡም።

ጡቱ በሙሉ ከተነሳስ? ቀዶ ሕክምናው ራሱ አስፈሪ አይደለም፤ ከሆድ ቀዶ ሕክምና ይልቅ ቶሎ ያስነሳል። ከደረትዎ ጎን ቀጭን የፈሳሽ ቱቦ ይወጣል። በየቀኑ ፈሳሹን ለክተው ይጽፉታል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሊትር ሲያንስ ይነቀላል፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት። ጡት መልሶ የመሥራት ቀዶ ሕክምና ከሆድ ወይም ከጀርባ ሥጋ አምጥቶ ወይም በሰው ሠራሽ ነገር ይቻላል፤ አገራችን ውስጥ ግን የሚሠሩት ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፣ ዋጋውም ይከብዳል። ከዓመታት በኋላም ሊሠራ ስለሚችል ዛሬ በሩን ዘጋሁ ብለው አያስቡ። እስከዚያው አንዲት ታካሚዬ ያሳየችኝን ልንገርዎ። ከነጠላ ቅዳጅ ከረጢት ሰፍታ፣ በጥጥ ሞልታ፣ ከሥሩ ጥቂት እፍኝ ምስር ጨምራበታለች። ምስሩ ክብደት ሰጥቶት ጡት መያዣዋ ወደ ላይ አይሸሽም፤ ትከሻዋም አልተዛነፈም። ስታጥበው ምስሩን የምታወጣበት ትንሽ ቁልፍ ሠርታለታለች። በገበያ ካየሁት ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለብዙ ሴቶች እነግራለሁ።

እንግዲህ እጅዎ። ከቀዶ ሕክምናው ማግሥት ጀምሮ ጣትዎንና ክርንዎን ያንቀሳቅሱ፤ ጸጉርዎን በቀኝ እጅዎ ያበጥሩ። ቱቦው ከወጣ በኋላ ግድግዳ ፊት ቆመው ጣቶችዎን ደረጃ እንደሚወጡ አድርገው በየቀኑ ጥቂት ከፍ ያድርጉ፤ የደረሱበትን በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት። ትከሻ የሚደርቀው በቀዶ ሕክምናው ሳይሆን ከዚያ በኋላ ክንድን አቅፎ በመቀመጥ ነው። የክንዱ ውስጠኛ ጎን ሊደነዝዝ ይችላል፤ በብብት የሚያልፍ የቆዳ ነርቭ ስለሚነካ ነው። የደነዘዘ ቆዳ ሲቃጠል አያስታውቅም፤ አክምባሎ ሲነሳ የሚወጣው እንፋሎት የሚያገኘው ደግሞ ክንድን ነው። ወደ ምጣዱ ሲመለሱ ረጅም እጅጌ ይልበሱ፣ አክምባሎውን በግራ እጅዎ ማንሳት ይልመዱ። በቀኝ እጅዎ ላይ ቃጠሎ ወይም ቀይ ትኩስ እብጠት ካዩ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ አይጠብቁ።

«በዚህ እጅሽ ዕድሜ ልክሽን ምንም አታንሺ» የሚሉዎ ይመጣሉ። ድሮ እኛም እንዲህ እንል ነበር። ቀስ በቀስ እያበዙ ክብደት ማንሳት የክንድ ማበጥን እንደማያመጣ፣ እንዲያውም ክንዱን እንደሚያጠነክር ከዚያ ወዲህ በጥናት ታይቷል። ቁልፉ ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ማሰሻውና ሰፌዱ፣ ከዚያ ማንቆርቆሪያው፣ በስተመጨረሻ የሊጥ ባልዲው፤ እርሱንም በግማሽ ሞልቶ።

ጊዜ ስንት አለኝ እንዳይሉ፤ አንድ ሁለት ሳምንት አልትራሳውንዱን ለመነሳት፣ ጨረር ሐኪሙን ለማግኘት፣ ከቤተሰብ ጋር ለመምከር ምንም አይጎዳዎትም። ሁለት ሦስት ወር ግን ይጎዳል። ሁለቱ ሐኪሞች ተለያዩብኝ ብለውም ሦስተኛና አራተኛ ፍለጋ አይዙሩ። የብብቱን ውጤትና የጨረሩን ቀጠሮ ይዘው ከሁለቱ ወደ አንዱ ይመለሱ፤ ሁለቱ ወረቀቶች እጅዎ ላይ ካሉ ምናልባት ሁለቱም አንድ ነገር ይሉዎታል።

ለምግብ ቤቶቹ ምን ልበል ብለው እንደሚጨነቁ ገምቻለሁ። ኬሞቴራፒ ካላስፈለገዎ ለስምንት ሳምንት የሚጋግርልዎ ሰው ያዘጋጁ። ካስፈለገዎ እስከ ስድስት ወር ሊሄድ ይችላል፤ በመሃል ደህና ሳምንታት አሉ፣ በእነዚያ እየተቀመጡ ማሠራት ይችላሉ። ደንበኞችዎን ዛሬ ይንገሯቸው። የምትተካዎትን ሴት ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በፊት አንድ ሳምንት አብራችሁ ጋግሩ፤ እርሾውን ከእርስዎ ቤት ትውሰድ፣ ጣዕሙ እንዳይለወጥባቸው።